ጆንያው የተቀነሰበት ሚዛን

ሐረር ውስጥ የእኔ እጅ ያልነካው ሚዛን ካለ፣ እሱ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ሚዛን ነው። ከሸዋ በር ሥጋ ቤቶች እስከ ጊደር መጋላ የእህል መደብሮች፣ ከጫት ተራው እስከ ቡና ነጋዴዎቹ መጋዘን ድረስ የተዛባውን ሁሉ ያቀናሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ፊደልን እንኳ የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ፣ አላፊ አግዳሚውን እየጠየቅሁ ነው። የመጀመሪያውን ሚዛን የፈታሁት በልጅነቴ፣ በአባቴ ሱቅ ውስጥ ነበር። መልሼ ስገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈችኝ፤ ሚዛኑ ግን ከቀድሞው በተሻለ ሠራ። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። ሚዛኑ ሲበላሽበት የሚመጣው ወደኔው ነው።

ስሜ አብዶሽ ነው። አሁን በዕድሜዬ “አው አብዶሽ” ይሉኛል፤ አው በእኛ በሐረሪዎቹ ዘንድ ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ማክበሪያ ነው። የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ በአንድ ዓርብ፣ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ግድም ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እስከዚያች ዓርብ ጠዋት ድረስ የማምነው አንድ ነገር ነበር፤ በሕይወቴ ያገኘሁትን ሁሉ ያገኘሁት በራሴ ነው የሚል።

ያን ጊዜ በጣም ወፍራም ነበርኩ። ቤቴ ጁገል፣ በአሮጌው ግንብ ውስጥ ነው፤ ወደ ቤቴ የምታስገባው መንገድም ጠባብ ናት። እኔ ከወዲህ ስገባ ከወዲያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ጥጉን ይዞ ያሳልፈኝ ነበር። ለዓመታት አክብሮት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ሰኪና፣ “አክብሮት አይደለም፤ ሁለት ሰው ስለማታሳልፉ ነው” አለችኝ። “ስለማታሳልፉ” ያለችው እኔንና መንገዷን አንድ ላይ ቆጥራ ነው። አላመንኳትም።

ቆይቶ ግን ማመን መጣ። መጀመሪያ ጉልበቴ ከዳኝ። ግንባሬን መሬት አስነክቼ መስገድ አቃተኝና መስጊድ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንበር ላይ መስገድ ጀመርኩ። ከዚያ ስኳሩ መጣ፣ ግፊቱ ተከተለ። ቀጥሎ ሰኪና ዓይኗ እየቀላ መነሳት ጀመረች። “ስትተኛ እስትንፋስህ ይቆማል” አለችኝ። “እስኪመለስ ድረስ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እንቅልፍ ቢጥለኝስ?”

ሐኪም ቤት የሄድኩት በዚህች አነጋገሯ ነው። ያገኘችኝ ዶክተር መሠረት የምትባል፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። መረመረችኝና፣ “አው አብዶሽ፣ ለእርስዎ ጾምና እርምጃ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አልፏል። አዲስ አበባ ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ጥገና ይሠራል። እሱን ካላገኙ እፈራለሁ” አለችኝ።

“ምን ትፈሪያለሽ?”

“እንቅልፍዎን” አለችኝ።

ልጄ ረምዚ አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የገባላቸው የጤና ኢንሹራንስ ወላጆችን ጭምር ይሸፍናል። የቀዶ ጥገናውን ወጪ እኛ ቤታችንን ብንሸጥ አንችለውም ነበር። ኢንሹራንሱ እሺ አለ፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። በስድስት ወር ውስጥ፣ በሐኪም ክትትል፣ አሥራ አምስት ኪሎ መቀነስ አለብኝ። በመጨረሻው ቀን ሐኪሟ መዝና ሪፖርቱን ትልካለች። ካልሞላ ማመልከቻው ይዘጋል።

“ለመቀነስ ነው የምሄደው። ቀንሰህ ና ይሉኛል እንዴ?” አልኳት።

“ጉበትዎ ትንሽ ካልቀለለ ለቀዶ ሐኪሙ ያስቸግራል። ደግሞም ከዚያ በኋላ አፍዎን መጠበቅ እንደሚችሉ ማየት ይፈልጋሉ።”

“እኔ የማልችለው ነገር የለም” አልኳት። እውነትም ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ልትመዝነኝ ፈለገች። የሐኪም ቤቱ ሚዛን መቶ ሃያ ኪሎ ላይ ያበቃል። ስወጣበት መርፌው ሄዶ ጫፉ ላይ ተለጠፈ። ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ግን አላፈርኩም። “ሚዛኑ ነው ያነሰው። እኔ የምመዘንበት ሚዛን ጊደር መጋላ አለ” አልኳት። የእህል ነጋዴው የኢብሮሽ ባስኩላ ማለቴ ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ ኩንታል የሚመዝነው ትልቁ የብረት ሚዛን። እሱን ያቆምኩትም፣ ያስተካከልኩትም እኔ ነኝ።

“ተመዝነው ቁጥሩን ያምጡልኝ” ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ቦርሳዋን አነሳች። “ያላየሁትን አልጽፍም” አለችና አብራኝ በባጃጅ መጣች።

በዚያን ቀን ጊደር መጋላ የሆነውን ዛሬም የሚያስታውሱ አሉ። ኢብሮሽ ማሽላውን ከባስኩላው ላይ አስነሳና እኔ በሽርጤና በሸሚዜ ወጣሁ። ገበያው ከበበኝ። አንዱ ተሸካሚ፣ “አቦ፣ ይሄ ማሽላ ነው በቆሎ?” አለ። መደብሩ በር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ነፊሳ ጭልፋዋን ይዛ መጥታ ነበር፤ “ጉራ ነው። ገና አልተበጠረም” አለችው። ሐረር ውስጥ እኔን እንዲህ የምትናገር እሷ ብቻ ናት። ብረቱ መቶ አርባ ስምንት ላይ ቆመ። ዶክተሯ ዝቅ ብላ አየችና ጻፈች። እንግዲህ መድረስ ያለብኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ነበር።

ስድስቱ ወራት እንዴት እንዳለፉ ብትጠይቁኝ ያን ጊዜ የምመልሰው አንድ ቃል ነበር፤ ቆራጥነት። ጠዋት ቅባት የበዛባትን ፈጢራ ትቼ ገብስ በላሁ። ከጁምዓ በኋላ የምትመጣውን ጣፋጭ፣ ሙሸበክን፣ ረሳኋት። ነፊሳ ጋ አንዳንዴ እግሬ ይወስደኝ እንደነበር አልክድም፤ ግን በሄድኩ ቁጥር “አልቋል” ትለኛለች። ባያልቅም አልበላም ነበር እያልኩ ለሰው አወራለሁ። የሻይ ቤቱ ሻይ ያ ሰሞን ጣዕሙን አጣብኝ፤ የዘንድሮ ስኳር አይጣፍጥም ብዬ ተውኩት። በእግሬም ብዙ ሄድኩ። ያ ሰሞን የሐረር ሚዛን ሁሉ ይታመም ነበር። ዛሬ ከሸዋ በር ይጠሩኛል፣ ነገ ከፈላና በር፤ ባጃጅ ስጠይቅ ነዳጅ የለም ይሉኛል፤ ላቤን እያፈሰስኩ እደርሳለሁ። ሚዛኑን ገና ዳሰስ እንዳደረግሁት የላላችውን ብሎን አገኛታለሁ። “አይ እጅ፤ ማሻ አላህ” ይሉኛል ባለሚዛኖቹ። እኔም እውነታቸውን ነው እላለሁ።

በየወሩ ዶክተሯ ባለችበት የኢብሮሽ ባስኩላ ላይ እወጣለሁ፤ በየወሩም ቁጥሩ ይወርዳል። የመጨረሻው ቀን ዋዜማ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ለብቻዬ ሄጄ ተመዘንኩ። ብረቱ ከመቶ ሠላሳ ሦስት ወደ ታች፣ መቶ ሠላሳ ሁለት ከስምንት መቶ ግራም ላይ ቆመ። ለሰኪና፣ “ጨረስኩት” አልኳት። እሷ እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። እኔ ደግሞ ለረምዚ ደውዬ፣ “አባትህ ሲነሳ እንዲህ ነው” አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ሐኪም ቤት ስደርስ ክፍሏ ውስጥ አዲስ ሚዛን ቆሟል። ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ቁጥር የሚያበራ። በዚያው ሳምንት የመጣ ነው። “አው አብዶሽ፣ ከእንግዲህ ጊደር መጋላ መሄድ ቀረልን። ይሄ እስከ ሦስት መቶ ኪሎ ይችላል” አለችኝ ደስ ብሏት።

እንደለመድኩት በሽርጤና በሸሚዜ ወጣሁበት። ቁጥሩ ብልጭ ብልጭ አለና ቆመ። መቶ ሠላሳ ሦስት ከስምንት መቶ።

ወርጄ እንደገና ወጣሁ። ያው ነው። ሳልቀንሰው የቀረ ስምንት መቶ ግራም አለ።

“ይሄ ሚዛን ተዛብቷል” አልኳት።

“ትናንት ነው ተፈትሾ የተገጠመው።”

“ማን ፈተሸው? እኔን ሳይጠሩ?”

ከመሣሪያ ቦርሳዬ የማይለይ አንድ የሚዛን ድንጋይ አለኝ፤ ባለ አምስት ኪሎ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት። አወጣሁና በሚያበራው ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። አምስት አለ። ሳትጨምር ሳትቀንስ። አንስቼ ጥጉ ላይ አደረግሁት፤ አምስት። ወገቤን ይዤ ቆምኩ። በሕይወቴ ሚዛን ትክክል ሆኖ ያዘንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

“ሪፖርቱ ዛሬ መግባት አለበት። ሰኞ ብልከው አይቀበሉትም” አለች ዶክተሯ። “ያየሁትን እጽፋለሁ። እንዲራዘምልዎትም እለምናለሁ።”

“ያራዝማሉ?”

“አንድም ጊዜ አራዝመው አላየሁም።”

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሰኪና ቁጭ ብላ እስትንፋሴን ስትጠብቅ ታየችኝ። ትናንት መቶ ሠላሳ ሁለት ከስምንት መቶ፣ ዛሬ መቶ ሠላሳ ሦስት ከስምንት መቶ። አንድ ኪሎ ሙሉ በአንድ ሌሊት ከየት ይመጣል? ውሃ እንኳ በወጉ አልጠጣሁም። አንድ ኪሎ። ልክ አንድ ኪሎ። ምንድን ነው ጊደር መጋላ ውስጥ ልክ አንድ ኪሎ የሆነው?

“ያ ረቢ” አልኩ። “ጆንያው።”

“ምን?”

“ጆንያው ነዋ፣ ልጄ። ጆንያው።”

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጊደር መጋላ እህል ከነጆንያው ነው የሚመዘነው። ባዶው ጆንያ አንድ ኪሎ ይመዝናል ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይቀነሳል። በየምዘናው መቀነስ ጭቅጭቅ ስለሚያመጣ፣ ኢብሮሽ ባስኩላውን የገዛ ጊዜ ከብረቱ ጫፍ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን አዙሬ፣ ሚዛኑ ራሱ ጆንያውን እንዲቀንስ አደረግሁት። ነጋዴውም ገበሬውም ያውቃል፤ ስለለመድነው ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔም ነገሩ የእህል እንጂ የእኔ ሳይመስለኝ፣ ጆንያ ሳልለብስ፣ ጆንያ የሚቀነስበት ሚዛን ላይ ስድስት ወር ወጣሁ። መጀመሪያ የተጻፈው መቶ አርባ ስምንት በእውነቱ መቶ አርባ ዘጠኝ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሳስረዳት ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትሰማኝ ነበር። “ስለዚህ የቀነሱት ከአሥራ አምስት በላይ ነው” አለች ቀስ ብላ።

“በላይ ነው። ጻፊልኝ።”

“ያላየሁትን አልጽፍም” አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

ባጃጁ ውስጥ ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ኢብሮሽ ሰሞኑን፣ “ዘንድሮ ሁሉም የሚያመጣው በፕላስቲክ ማዳበሪያ ነው፤ እሱ ምንም አይመዝንም። የጆንያዋን ኪሎ ይመልሱልኝ” እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነበር። ከዓርብ በኋላ እመጣለሁ ብዬዋለሁ። ትዕግሥቱ አልቆ ዛሬ ጠዋት ብሎኗን ራሱ አዙሯት ቢሆንስ? ያቺ ብሎን ከዞረች ማስረጃዬ ጠፋ፤ የሚቀረው የእኔ ወሬ ብቻ ነው። ወሬዬ ደግሞ በሐረር ስንት እንደሚመዝን አውቃለሁ።

ደረስን። የኢብሮሽ መደብር ተዘግቷል። ዓርብ መሆኑን ረስቼዋለሁ፤ ገበያው ለጁምዓ ወጥቷል።

“ይስገዱና ይምጡ። እዚህ እጠብቅዎታለሁ” አለችኝ ዶክተሯ። በሩ ላይ ነፊሳ ብቻ ተቀምጣ ዘይቷን ታሞቃለች፤ በርጩማ አወጣችላት።

ያን ቀን መስጊድ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰገድኩትን ስግደት አልረሳውም። ከፊቴ ሰዎች ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ሲያደርጉ ጀርባቸውን እያየሁ፣ “ያ አላህ፣ ያቺን ብሎን ጠብቅልኝ” አልኩ። ከዚያ በፊት ለብሎን ዱዓ አድርጌ አላውቅም፤ ብሎን የእኔ ጉዳይ ነበር።

ስመለስ ኢብሮሽ በሩን ከፍቷል። ዶክተሯ በሴቶች ተከባ፣ ሳምቡሳ በእጇ ይዛ ትስቃለች። ሳምቡሳ። ያለቀው ሳምቡሳ።

“ነፊሳ፣ አልቋል አላልሽም እንዴ?” አልኳት።

“ለእርስዎ አልቋል” አለችኝ። “ለሰው መቼ አለቀ?”

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ዶክተሯ፣ “አው አብዶሽ፣ ሲነግሩኝ ነበር” አለች።

“ምን ነገሩሽ?”

ሁሉም ወደ ነፊሳ አዩ። ነፊሳ ጭልፋዋን አስቀመጠች።

“ስድስት ወር ሙሉ ውሸታም ያደረገችኝ ባለቤትዎ ናት” አለች። “መጀመሪያ የተመዘኑ ዕለት ማታውኑ ገበያውን በሙሉ ዞረች። ‘አብዶሽን አትመግቡብኝ። ግን እንዳያውቅ፤ ካወቀ እልህ ይይዘውና ይበላል’ አለችን። ሻይ ቤቱ ሻይዎን በግማሽ ስኳር ነው ሲቀዳልዎ የኖረው። እርስዎ ስኳሩን ሲሰድቡ እኛ እዚህ በሳቅ እንሞታለን።”

“ባጃጆቹስ?”

“ነዳጅ ነበራቸው” አለ ኢብሮሽ ከመደብሩ ውስጥ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። መጠየቅ አልፈለግሁም፤ አፌ ግን ጠየቀ። “ሚዛኖቹስ? ያ ሁሉ የተበላሸ ሚዛን?”

ኢብሮሽ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። “አው አብዶሽ፣ አንድ ብሎን ላላ ማድረግ ምን ይከብዳል? ተራ አወጣን። ሰኞ የሸዋ በሩ፣ ማክሰኞ የፈላና በሩ። እርስዎ በእግር እንዲሄዱ ነው። ወላሂ በክፋት አይደለም።”

ወገኖቼ፣ ስድስት ወር ሙሉ “አይ እጅ” ያሉኝ ሁሉ ብሎኑን ያላሉት እነሱ ናቸው። ቆራጥነት ያልኩት የነፊሳ ውሸት ነው፤ የሻይ ቤቱ ማንኪያ ነው፤ የሰኪና እግር ነው። መናደድ ጀምሬ ነበር። ግን አንድ ነገር መጣብኝ፤ ነፊሳ የምትኖረው ከዚያች ከምትሸጣት ሳምቡሳ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ስቀመጥ አንድ ሳህን ሙሉ የምጨርስ ደንበኛዋ ነበርኩ። በሯ ድረስ ሄጄ ስለምናት ስድስት ወር ሙሉ መለሰችኝ።

“ብሎኗን እንይ” አለች ዶክተሯ። እሷ ባትናገር ኖሮ እዚያው ቆሜ እቀር ነበር።

ያቺን ብሎን ያን ጊዜ ካስተካከልኳት በኋላ ማንም እንዳይነካት በሰኪና የጥፍር ቀለም አትሜያት ነበር፤ ደማቅ ቀይ፣ ሳልነግራት ወስጄው የተቆጣችበት። ኢብሮሽ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ አልተሰነጠቀም። አልሐምዱሊላህ አልኩ። አምስት ኪሎዋን ድንጋይ አስቀመጥኩ፤ ብረቱ አራት ላይ ቆመ። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ አየች፣ በስልኳ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ኢብሮሽ ባዶ ጆንያ አምጥቶ ከድንጋዩ ሥር አነጠፈ፤ ብረቱ አምስት አለ። ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ፣ “በቃ፣ ታየ” አሉ። በመጨረሻ እኔ ወጣሁ። መቶ ሠላሳ ሁለት ከስምንት መቶ፣ ልክ እንደ ትናንቱ።

ዶክተሯ እዚያው ማሽላ ላይ ተቀምጣ ጻፈች፣ ፎቶዎቹን አያያዘች፣ በስልኳ ላከች። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጠራ። ከኢንሹራንሱ ነው። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

“ዶክተር፣ ሪፖርትዎን አይቼ አልገባኝም” አለ አንድ ወጣት የሚመስል ድምፅ። “ታካሚው የተመዘኑት ጆንያ ውስጥ ገብተው ነው?”

ተሸካሚዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። እሷ ሳትስቅ አስረዳችው። ከዚያ፣ “ሚዛኑን ያስተካከለው ማነው?” አለ።

ዶክተሯ አየችኝ። “ታካሚው ራሳቸው ናቸው” አለች።

“ይሄማ ያስቸግራል። ሰውየው የሚመዘኑበትን ሚዛን ራሳቸው አስተካክለው…”

አፌን ከፈትኩ። በሐረር እኔን የሚተካከል ባለሙያ እንደሌለ፣ ሚዛን ከእጄ ተዛብቶ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ሁሉንም በራሴ እንደተማርኩ ልነግረው ነው። ነፊሳ ሽርጤን ጎተተችኝ። “ዛሬ እርስዎ ዝም ይበሉ። ዛሬ እኛ እንናገር” አለችኝ በሹክሹክታ።

ዝም አልኩ። ለእኔ አሥራ አምስቱን ኪሎ ከመቀነስ ይህ ይከብድ ነበር።

ኢብሮሽ ወደ ስልኩ ተጠጋ። “ወንድሜ፣ የሚዛኑ ባለቤት እኔ ነኝ። ገበሬው የሚሸጥልኝ፣ ነጋዴው የሚገዛኝ በዚህ ሚዛን ነው። አንዱ ወገን ቢጎዳ ኖሮ ዛሬ መደብር አይኖረኝም። ብሎኗ የዞረችው እሳቸው መታመማቸውን ሳያውቁ፣ ከዓመታት በፊት ነው። ገበያው ሁሉ ምስክር ነው።” አንዲት የማሽላ ነጋዴ ሴት ከኋላ፣ “እኔም አለሁ” አለች። ሌላውም፣ “እኔም” አለ። ነፊሳ ቀጠለች፤ “ልጄ፣ ለእሳቸው ሳምቡሳ የከለከልኩት እኔ ነኝ። መቀነሳቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።”

ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ምን አላወቅሁም። “ዶክተር፣ ማኅተም ያለበትን ድንጋይና ብሎኗን በዓይንዎ አይተዋል?”

“አይቻለሁ። ያላየሁትን አልጽፍም።”

“እንግዲያው የቀለሙን ፎቶ ይዤ ከአለቆቼ ጋር ልነጋገርበት። ትንሽ ጠብቁኝ።”

ጠበቅን። ነፊሳ ምጣዷን ከእሳቱ አወረደች፤ ኢብሮሽ ገዢ መጥቶበት “ቆይ” አለው፤ ገዢውም ነገሩን ሲሰማ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ለዐስር ሶላት አዛን ሊወጣ ሲል ስልኬ ጠራ። ረምዚ ነው። ኢንሹራንሱ ለእሱ ደውሎለት ነበር። “አባባ፣ ተቀብለውታል” አለኝ።

ማን መጀመሪያ እልል እንዳለ አላውቅም። እኔ ባስኩላው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዶክተሯ እጄን ይዛ፣ “አው አብዶሽ፣ እንግዲህ ወደ ሥራዬ ልመለስ” አለችኝ። ባጃጅ ጠራንላት። ነዳጅ ነበረው።

ቤት ስገባ ለሰኪና ምን እንደምላት አላወቅሁም። በሩ ላይ ቆሜ፣ “ሌባ ነሽ” አልኳት። አየችኝና ወዲያው ገባት። “ነፊሳ ምስጢር አትጠብቅም” አለች። “ጠብቃለች እንጂ፤ ስድስት ወር” አልኳት።

ቀዶ ጥገናው ተሠራልኝ፤ አላህ የቀዶ ሐኪሞቹን እጅ ይባርክ። ዛሬ ግንባሬ ምንጣፉን ይነካል። ሰኪና ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች፤ እንዲያውም ታንኮራፋለች፤ አሁን ተራው የእኔ ሆኖ እሰማታለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አው አብዶሽ ጉራውን ተወ ብላችሁ እንዳትሰጉ። ዛሬም በሐረር የእኔን ያህል ሚዛን የሚያውቅ የለም፤ ይህ የታወቀ ነው። ብቻ አንድ ነገር ተለውጧል። ድሮ ያለኝን ስቆጥር የራሴን እጅ ብቻ ነበር የማየው። አሁን ፊደል የለየሁባቸውን እነዚያን አላፊ አግዳሚዎች አስባለሁ። “ይህቺ ምን ትባላለች?” ስላቸው ሸክማቸውን አውርደው የነገሩኝን። ማንም አላስተማረኝም ስል የኖርኩት እነሱን ሳልቆጥር ነው። እናንተም አንድ ነገር ሲሳካላችሁ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፤ ሳትሰሙ ብሎን ያላላላችሁ ማነው? በሯ ላይ ስትቆሙ “አልቋል” ያለቻችሁ ማነች? በሕይወት ካለች ሄዳችሁ አመስግኗት።

እኔ ነፊሳን ለማመስገን ቃል ሳዘጋጅ ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት በዚያች በቤቴ ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። እሷ ወደ ገበያ ትወጣለች፣ እኔ እገባለሁ። እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ልትመለስ ስትል፣ “ቆዪ፣ አትመለሺ” አልኳት። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆምኩ። አየችኝ፣ መንገዷን አየች፣ ቀስ ብላ በጎኔ አለፈች። ሳትነካኝ አለፈች። ጭንቅላቷ ላይ ያለው ትሪ ሙሉ ነው፤ የሳምቡሳው ሽታ መንገዷን ሞላት።

ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። “ነፊሳ፣ ሳምቡሳ አለ?” አልኳት።

ሳትዞር መለሰችልኝ።

“አልቋል።”